“በሞቴ ብላ”፦ ሰውን እንደ አንትሮፖሎጂስት አይቶ እንደ ተዋናይ ማሳየት

ሁለት ሰዎች፣ በተለያየ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ጉዳይ ተቆጥተውኛል። የመጀመሪያዋ ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ስሠራ አለቃዬ የነበረች አንትሮፖሎጂስት (የሰውን ባህልና አኗኗር የምታጠና ባለሙያ) ናት። “እንግዶቹ በጣም ተደስተው ነበር” ብዬ የጻፍኩትን በቀይ ሰረዘችና “ደስታቸውን በዓይንህ አየኸው? ያየኸውን ጻፍ” አለችኝ። ሁለተኛው የቲያትር አዘጋጅ ነው። እሱ ዘንድ የሄድኩት ያንን ትምህርቴን ይዤ ነበር። አንድ ሽማግሌ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ከዘራቸውን የት እንደሚያስደግፉ፣ ስንት ጊዜ ጉሮሯቸውን እንደሚጠርጉ ቆጥሬ መድረክ ላይ ወጥቼ አንድ በአንድ ሠራሁለት። ዝም ብሎ አየኝና “ጥሩ። ግን ሰውዬው ምን ፈልገው ነው የመጡት?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያኔ ሁለቱ የሚቃረኑ መስሎኝ ነበር። አንዷ ስሜቱን አውጣው ትላለች፣ ሌላው ስሜቱን አምጣው ይላል። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ እኔ ነኝ ተራውን ያዛባሁት። መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ ነው የሚፈለገው። አብዛኛው ሰው ግን፣ ገና ሳያይ “እሱ እኮ ኩሩ ነው”፣ “እሷ ተናዳለች” ብሎ ይፈርድና ፍርዱን ነው የሚጽፈው፣ ፍርዱን ነው የሚተውነው። ከታች ያለው መመሪያ ይህን ተራ ለማስያዝ ነው። ድርሰት ለምትጽፉ፣ ለምትተውኑ፣ የመስክ ጥናት ለምትሠሩ፣ ወይም ሰው ማየት ለምትወዱ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ትንሽ ነገር ምረጡ

“የኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባይነት” ብላችሁ አትነሡ። እሱ ርዕስ ነው እንጂ የሚታይ ነገር አይደለም። የሚታየው አንዲት ሴትዮ ሳህን ይዛ ስትቆም፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ “ኧረ በቃኝ” ሲል ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ከሃያ ደቂቃ የማይበልጥ፣ ደግሞ በየሳምንቱ የሚደጋገም ነገር ፈልጉ። ታክሲ ውስጥ ሂሳብ የሚሰበሰብበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ለቅሶ ቤት ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ካፌ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች “እኔ ልክፈል” ብለው የሚታገሉት ትግልም ለጀማሪ ግሩም ነው፤ ክንድ ይያዛል፣ ብር ኪስ ውስጥ በግድ ይከተታል፣ አስተናጋጁ መሀል ቆሞ የሚያሸንፈውን ይጠብቃል።

እኔ እዚህ ምሳሌ የማደርገው መግደርደርን ነው። እንግዳ ይቀርብለታል፣ እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ ይበላል። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ችግሩም እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ የለመደ ዓይናችሁን አታምኑት

ከፖላንድ የመጣው አንትሮፖሎጂስት ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ በሚባለው አገር ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ድንኳኑን መንደር መሀል ተክሎ ኖረ። ከነጮቹ ነጋዴዎች ሰፈር ሆኖ መረጃ ሰጪ ከማስጠራት፣ ጠዋት ሲነሣ ሰዎቹ ሲታጠቡና ሲጣሉ በድንኳኑ በር ማየት ይሻላል ብሎ ነው። የሱ ጭንቀት መቅረብ ነበር። የእኛ ተቃራኒው ነው። እኛ ድንኳኑ ውስጥ ተወልደናል፤ የሚቸግረን ወጣ ማለቱ ነው።

እኔን የረዳኝ ውጭ ተወልዶ ለክረምት የመጣ የዘመድ ልጅ ነው። አክስቴ ቤት ምሳ ላይ አንድ እንግዳ ሲግደረደሩ ዓይኑን አፍጥጦ ሲያይ ቆየና “ርቧቸው ከሆነ ለምን እምቢ አሉ? ካልራባቸው ለምን በሉ?” አለኝ። አስረዳሃለሁ ብዬ ጀመርኩና ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተያዝኩ። “ባህላችን ነው” አልኩ መጨረሻ ላይ። “ባህላችን ነው” ማለት አላውቀውም ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እናንተም የመረጣችሁትን ነገር ጨርሶ ለማያውቅ ሰው በስልክ አስረዱ። ምላሳችሁ የሚተሳሰርበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሥራችሁ ያለው እዚያ ነው።

ፈቃድም ጠይቁ። “አክስቴ፣ እንግዳ ስትቀበዪ ማየት እፈልጋለሁ፣ ልጽፈው ነው” አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ለሁለት ግብዣ ያህል ከወትሮው የተለየች ደግ ሆነች፤ በሦስተኛው ረሳችኝ። ሰው እየታየ መሆኑን እስኪረሳ መታገሥ ነው። አቋራጭ የለውም።

ደረጃ 3፦ ደብተሩን ለሁለት ክፈሉት

ከመመሪያው ሁሉ አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ደብተራችሁን ስትገልጡት ግራና ቀኝ ገጽ አለ። በግራው ካሜራና መቅረጸ ድምፅ ሊይዙት የሚችሉትን ብቻ ጻፉ። በቀኙ የመሰላችሁን፣ የገመታችሁትን፣ ያናደዳችሁን ሁሉ። ሁለቱ አይቀላቀሉም።

ከራሴ ደብተር፣ ግራ ገጽ፦

“7፡10። እንግዳው ገቡ። ጫማቸውን በር ላይ ጠረጉ። የተቀመጡት ‘ኖር’ ብለው ብድግ ሲሉ ‘ኧረ በእግዜር!’ አሉ፣ እጃቸውን ወደታች እያወዛወዙ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጫፉ ላይ። ልጁ ማስታጠቢያ ይዞ መጣ። ‘ኧረ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት’ አሉ። ታጠቡ። አክስቴ ‘ይቅረቡ እንጂ’ ሁለት ጊዜ። መዳፍ ደረት ላይ። ‘በሞቴ’ አንድ ጊዜ። ወንበሩን ይዘው ቀረቡ። የመጀመሪያው ጉርሻ ትንሽ፣ ከጠርዝ። ባለቤቷ ከፊታቸው ወጥ ጨመረች ሳትጠይቅ፣ ሦስት ጊዜ። አራተኛው ላይ በእጃቸው ሳህኑን ከለከሉ።”

ቀኝ ገጽ፦ “ርቧቸዋል። ወይስ አክስቴን ፈርተው ነው? በሩ አጠገብ መቀመጣቸው አናደደኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።”

በግራው ገጽ ላይ “ተግደረደሩ” የሚል ቃል የለም። ቃሉን ከጻፋችሁ ማየት ታቆማላችሁ፤ አእምሯችሁ “ገባኝ” ብሎ ይተኛል። ማሊኖቭስኪም ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ነበረው። የሚያየው ለሳይንስ ሥራው ሆነ። ብስጭቱን፣ ናፍቆቱን፣ ለደሴቶቹ ሰዎች የነበረውን ንቀት ሳይቀር ያሰፈረበት የግል ማስታወሻው ደግሞ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ታትሞ የሙያውን ሰዎች አስደነገጠ። ብዙዎች “እንዲህ ያለ ሰው ነበር?” አሉ። እኔ ግን ቀኝ ገጹን ነው ያየሁበት። እሱ ባይኖረው ኖሮ ያ ሁሉ ብስጭት ግራው ላይ ይፈስ ነበር።

አንዳንድ ተግባራዊ ነገሮች። ገበታ ላይ ተቀምጣችሁ ደብተር አታውጡ፤ ሰላይ ነው የምትመስሉት። ስልክ ላይ ሁለት ሦስት ቃል ጣል አድርጉ፣ ወይም መጸዳጃ ቤት ሂዳችሁ ጻፉ (በአንድ ምሳ አራት ጊዜ ተመላልሼ አክስቴ የሆድ መድኃኒት አምጥታልኛለች)። ሙሉውን የዚያኑ ቀን ማታ ጻፉት። ካደረ ተረት ይሆናል። ቁጠሩ፦ ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ፣ ማን መጀመሪያ። ሰዎች ያሉትን በራሳቸው ቃል ያዙ። “እንዲበሉ ጋበዘቻቸው” ከንቱ ነው፤ “በሞቴ” አለች፣ “አፈር ስሆን” አለች፣ ልዩነት አለው።

ድምፅንም አትርሱ፣ በተለይ ቃል ያልሆነውን። እኛ “አዎ” ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። እንግዳ የሆነ ፈረንጅ ሲሰማው ደነገጡ ወይ ታመሙ ብሎ ያስባል። እኛ ደግሞ ጨርሶ አንሰማውም፣ ስለምናደርገው። ግራ ገጻችሁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ገና አላያችሁም ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ስትጠይቁ “ለምን”ን ተዉት

“ለምን በሞቴ ትላላችሁ?” ብትሉ የምታገኙት መልስ የተሰናዳ ነው፦ ፍቅር ነው፣ ባህል ነው፣ አባቶቻችን ያቆዩን ነው። ይልቅ “ባይባልስ?” ብላችሁ ጠይቁ። አክስቴን “እንግዳው በቃኝ ሲሉሽ ወዲያው ሳህኑን ብታነሺስ?” አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። “ውይ! አባረርኳቸው ማለት ነው እኮ!” አለች። በአንድ ጥያቄ፣ “በሞቴ” የምግብ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሌላም ጠየቅኳት፦ “እንግዳው መጀመሪያ ሲባሉ እሺ ብለው ቢበሉስ?” ትንሽ አሰበችና “እሱማ ቤተኛ ነው” አለች።

ቤተኛ! እኔ በግራ ገጼ ላይ የቆጠርኩት “እምቢ” ለካ የርቀት መለኪያ ነው። ለወንድሟ ዜሮ፣ ለጎረቤቷ አንድ፣ ለአማቷ ዘመዶች ሦስት አራት።

ሰው አደርጋለሁ የሚለውና የሚያደርገውም አይገጥምም፤ ይህ በአንትሮፖሎጂ የተጻፈ ያህል ሕግ ነው። ሁሉም “አንድ ጉርሻ ያጣላል” ይላችኋል። ቁጠሩና እዩ፣ ስንቱ ቤት ነው በአንድ ጉርሻ የሚያበቃው፣ ማን ለማን ነው የሚያጎርሰው፣ ማንስ ነው ጎርሶ የማይመልሰው። ተረቱን ጻፉት፣ ግን በስንት ሰዓት ማን እንዳለው ጨምሩበት፤ እሱም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው።

ደረጃ 5፦ ጓዳ ግቡ

ካናዳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ኤርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1951 ለዶክትሬት ጥናቱ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች በአንዷ ኖሯል። እዚያ ያለች አንዲት ሆቴል ብዙ አስተማረችው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ጨዋና ዝግ ያሉት ሰዎች የወጥ ቤቱን በር ሲያልፉ ሌላ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ማኅበራዊ ኑሮን በቲያትር ቋንቋ ገለጠው፦ ፊት ለፊት ያለው መድረክ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ደግሞ የመልበሻ ክፍል።

እኛ ለዚህ ነገር ቃል መዋስ አያስፈልገንም። ሳሎንና ጓዳ አለን። “የጓዳ ገመና” የሚባለውም በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ሳሎን ቁጭ ብላችሁ ብቻ አትቅሩ። አክስቴ ሳሎን ውስጥ “ምን አለ፣ ለምን አትበሉልኝም” እያለች፣ ጓዳ ገብታ ደግሞ ድስቱን በማንኪያ እየፈተሸች “እንቁላሉ ይበቃል?” ብላ በሹክሹክታ ትቆጥራለች። አንድ እንቁላል ጎድሎ ኖሮ ልጁን በዓይኗ ብቻ ወደ ሱቅ ላከችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ በሩ ላይ ትንሽ ቆማ፣ ፈገግ ብላ ወጣች። ያቺ በር ላይ የቆመችባት አንድ ሰከንድ ከሁለት ወር ማስታወሻዬ ሁሉ ትበልጥብኛለች። ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ ተራውን ሲጠብቅ ልክ እንዲህ ነው የሚቆመው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ጓዳ ያያችሁትን ሳሎን አታውጡ። የእንቁላሉን ነገር እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ያልፈቀደችልኝም አለ።

ደረጃ 6፦ ደጋግሙ፣ ከዚያ ወጣ ያለውን አድኑ

አንድ ግብዣ ታሪክ ነው። አምስት ግብዣ መልክ ይይዛል። ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ፣ የተለያየ ቤት፣ የተለያየ ሰው እዩ። መልኩ ሲታያችሁ ደግሞ የማይገጥመውን ፈልጉ።

እኔን የገረመኝ ጾም ነው። እንግዳ “ጠግቤያለሁ” ሲል ማንም አያምነውም፣ ይለመናል። “ጾመኛ ነኝ” ሲል ግን ጨዋታው በአንዴ ይፈርሳል። በሞቴ የሚል የለም። ይልቁንም ባለቤቷ “አንተ ልጅ! ሽሮ የለም?” እያለች ትሯሯጣለች። ስኳር ወይም ደም ግፊት አለብኝ ሲባልም እንደዚሁ። ስለዚህ “እምቢ” ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚለመንና የማይለመን። ይህንን ያገኘሁት ሕጉን ሳይሆን የሕጉን ቀዳዳ ሳይ ነው።

ሌላው ቀዳዳ ውጭ አገር ነው። አውሮፓ ወይም አሜሪካ የሄደ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ቀልድ ያውቃል፦ ሀበሻው ፈረንጅ ቤት ተጋብዞ በጨዋ ደንብ “አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ” ይላል፣ ሳህኑ ይነሣል፣ ሁለተኛ አይመጣም፣ እሱም እየራበው ቤቱ ይገባል። እዚያ “እምቢ” ቃል ነው። እዚህ የመጀመሪያው መስመር ነው፤ ሌላው ሰው ቀጣዩን መስመር ካላለ ቲያትሩ ይቆማል።

ደረጃ 7፦ “እውነት ነው ወይስ ትወና?” ብላችሁ አትጣሉ

እዚህ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙበት ቦታ ይሄ ነው፤ ጎንደር ላይም ተገናኝተዋል።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ካቋረጠው የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ደረሰ። ወራት ተቀመጠ። የያዘውም የዛር ነገር ነው። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል፤ ዛሩ ይጋልበዋል። ሲወርድበት ድምፁ ይለወጣል፣ ጉሪ ያደርጋል (ገላውን እያወዛወዘ ይንቀጠቀጣል)፣ ይፎክራል። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ጠባይ፣ የራሱ አረማመድ፣ የሚጠይቀው ልብስ አለው፤ አንዱ ኩሩ ጌታ ነው፣ ሌላው ቁጡ ነው። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ታዳሚው ይዘፍናል። ሌሪስ ገጣሚ ስለነበር መድረክ አይቶ አልፎ መሄድ አልቻለም። የሚያሠቃየው ጥያቄ ግን ነበር፦ እነዚህ ሰዎች እየተወኑ ነው ወይስ በእርግጥ ተይዘዋል?

ከ26 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ስለ ጎንደር ዛርና ስለ ቲያትራዊ ገጽታው መጽሐፍ አወጣ። እዚያ የሚጫወቱት ቲያትርና የሚኖሩት ቲያትር ብሎ ይለያል። የዛሩ ቤት የሚኖሩት ቲያትር ነው። ሥርዓት አለው፣ ልብስ አለው፣ ተመልካች አለው፤ የሚያደርገው ሰው ግን ተዋናይ ነኝ አይልም፣ ተመልካቹም ተዋናይ ነህ አይለውም።

መግደርደርም በትንሹ እንዲሁ ነው። እንግዳው እንደሚበሉ ያውቃሉ፣ አክስቴም ታውቃለች፣ ሁለቱም እንደሚያውቁ ሁለቱም ያውቃሉ። ግን ውሸት አይደለም። “በሞቴ” ስትል ዓይኗ እንባ ሊያቀርር ይችላል። ስለዚህ የምታዩትን ሰው “አስመሳይ” ብላችሁ ቀኝ ገጽ ላይ እንኳ ስትጽፉ ቆም በሉ። ሥርዓት ያለው ነገር ሁሉ ማስመሰል አይደለም። መድረክ ላይ ስታወጡትም የመጀመሪያው ስሕተት ይሄ ነው፦ ተዋናዩ እየተግደረደረ ለተመልካቹ ይጠቅሳል፣ “እንደምበላ ታውቃላችሁ አይደል?” ብሎ። ተመልካቹ ይስቃል፣ ትዕይንቱ ይሞታል።

ደረጃ 8፦ አሁን አንድ ሰው ምረጡ

እስካሁን ያላችሁት “እንግዶች በአብዛኛው ሁለት ጊዜ እምቢ ይላሉ” የሚል ነው። ለጥናት ይሆናል። ተዋናይ ግን “በአብዛኛው”ን ሊጫወት አይችልም። የሞስኮውን የጥበብ ቲያትር እ.ኤ.አ. በ1898 ከባልደረባው ጋር የመሠረተው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ተዋንያኑን አጥብቆ የሚከለክለው በጥቅሉ መጫወትን ነበር። ያውም እሱ ማየትን የናቀ ሰው አይደለም። በ1902 በድሆች ማደሪያ ውስጥ የሚሆነውን የሩሲያዊውን ደራሲ የጎርኪን ተውኔት ሲያዘጋጁ፣ ቡድኑን ይዞ ኺትሮቭ ገበያ የሚባለው የሞስኮ የቤት አልባዎች ሰፈር ድረስ ሄዶ ሰዎቹን አይቷል።

አንድ ሰው ያዙና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አሁን፣ እዚህ ቤት፣ ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? እሱን ለማግኘት በየመስመሩ ምን ያደርጋል? መልሱን በግሥ ጻፉ እንጂ በስሜት አይደለም። “አፈረ” አይተወንም። “ደበቀ”፣ “አዘናጋ”፣ “ለመነ” ይተወናል።

ለትዕይንቴ እንዲህ ፈጠርኩ፦ እንግዳው የመጡት ለልጃቸው ዋስ እንድትሆን ሊጠይቋት ነው። ከበሉ በኋላ ቢጠይቁ የበሉበትን ቤት ማስቸገር ነው። ሳይበሉ ቢጠይቁ ደግሞ ለጉዳይ ብቻ የመጡ ይመስላሉ። አሁን ያው “በልቼ ነው የመጣሁት” ሌላ ሆነ። ሰሙ ምግብ ነው፣ ወርቁ ዋስትና። የፈረንጅ ተዋንያን ከቃሉ ሥር ያለው ሐሳብ እያሉ ዓመታት የሚማሩትን ነገር እኛ በቅኔ ሰምና ወርቅ እንለዋለን፤ ልምምድ ላይ እንጠቀምበት።

ልብ በሉ፣ ዋስ የሚለውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አንትሮፖሎጂስቷ ብታየኝ ትሰርዘዋለች፣ ደግሞም ልክ ናት። እሷ መጨመር አይፈቀድላትም። እኔ ይፈቀድልኛል፤ ግን ግራ ገጹ ላይ ካለው ጋር መጋጨት አይፈቀድልኝም።

ደረጃ 9፦ ከፊት ሳይሆን ከእግር ጀምሩ

ሰው ስትመስሉ ፊቱን አትምሰሉ። ፊት ከያዛችሁ ቀልድ ይሆናል። እግር የት ነው? ክብደት የት ነው ያረፈው? እንግዳዬ የወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት፤ አሥር ደቂቃ እንዲያ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ትንፋሻችሁ ራሱ ያጥራል፣ ድምፃችሁ ይለወጣል። ከዚያ እጅ። ከዚያ ንግግር።

ለንግግሩ አሜሪካዊቷን ተዋናይ አና ዲቨር ስሚዝን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1991 ብሩክሊን ውስጥ ክራውን ሃይትስ በሚባለው ሰፈር ጥቁሮችና አይሁዶች ከተጋጩ በኋላ የሁለቱንም ወገን ሰዎች በመቅረጸ ድምፅ አነጋገረች። በ1992 ብቻዋን መድረክ ላይ ወጥታ ሁሉንም ሆነች፤ ቃሉን ሳትቀይር፣ መንተባተቡንና ዝምታውን ሳትዘል። እናንተም ሁለት ደቂቃ የተቀረጸ ንግግር (በፈቃድ!) ወስዳችሁ “እ…”ውን ሳይቀር ጻፉትና ቃል በቃል አጥኑት። የሚያሰለች ሥራ ነው። ግን ሰው የሚፈልገውን ቃል ሲያጣ ነው ራሱን የሚያሳየው፤ እናንተ ስታስተካክሉለት እሱ ይጠፋል።

ሌላ መንገድም አለ። ጀርመናዊው የተውኔት ደራሲ ብሬሽት መንገድ ላይ የመኪና አደጋ ያየ ሰውን ምሳሌ ያደርጋል። ምስክሩ “ሾፌሩ እንዲህ አደረገ፣ ሽማግሌው እንዲህ ሄደ” እያለ ለተሰበሰበው ያሳያል። ሾፌሩን መሆን አያስፈልገውም፤ ሰዉ ፍርድ መስጠት እንዲችል የሚበቃውን ያህል ብቻ ያሳያል። ሁለቱንም ሞክሩ። አንዴ እንግዳውን ሁኑ፣ አንዴ ደግሞ እንግዳው ያደረጉትን ለጎረቤት እንደምታወሩ ሆናችሁ አሳዩ። እኔ ሁለተኛው ይቀለኛል፤ ሰፈር ውስጥ ያደግን ሁሉ ሠልጥነንበታል።

ደረጃ 10፦ ጻፉት፣ ከዚያ ለባለቤቶቹ አሳዩ

ትዕይንቱ አጭር ይሁን። የእኔ የመጀመሪያ ረቂቅ ይሄ ነው፦

ባለቤት፦ ይቅረቡ እንጂ ጋሼ።
እንግዳ፦ ኧረ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት።
ባለቤት፦ የት በሉ?
እንግዳ፦ (በሩን እያዩ) እዚያው… ሰፈር።
ባለቤት፦ እንግዲያው ይቅመሱልኝ። ይብሉ መች አልኩ።
እንግዳ፦ ለመቅመስማ…
ባለቤት፦ በሞቴ!
እንግዳ፦ እሱን እንኳ አትበይ። (ዝምታ። ወንበሩን ይዘው ይቀርባሉ።)

ለማን እንደምታሳዩት አስቡበት፣ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮሊን ተርንቡል የሚባል አንትሮፖሎጂስት በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ የሚኖሩትን የኢክ ሰዎች በረኃብ ዘመን አይቶ፣ ፍቅር የጠፋባቸው፣ ለልጃቸው እንኳ የማያዝኑ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1972 ጻፈ። እንግሊዛዊው የቲያትር አዘጋጅ ፒተር ብሩክ ደግሞ በ1975 ፓሪስ ላይ ቲያትር አደረገው። በኋላ ጀርመናዊው የቋንቋ ተመራማሪ በርንድ ሃይነ ኢኮች ዘንድ ሄዶ ያገኘው ሌላ ሰው ነው፤ ተርንቡል ቋንቋቸውን በደንብ እንደማያውቅ፣ መረጃ ከሰጡትም ውስጥ ራሳቸው ኢክ ያልሆኑ እንደነበሩ በ1985 ጻፈ። ረቂቁ መጀመሪያ ለኢኮቹ ቢነበብላቸው ምን ይሉ ነበር? እኛም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ስንት ኮሜዲ ላይ ነው የገጠር ሰው በቅላጼውና በአለባበሱ ብቻ የሚሳቅበት? ያ ሰው ግራ ገጽ ኖሮት አያውቅም። ከቀኝ ገጽ ተነሥቶ ነው መድረክ የወጣው።

እኔም ትዕይንቱን በሁለት ጓደኞቼ አሠርቼ አክስቴ ሳሎን ውስጥ አሳየኋት። እንግዳው ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ ዕድሜያቸውንና ሥራቸውን ቀይሬ ነበር። እጇን አገጯ ሥር አድርጋ እስከ መጨረሻ አየችና “ጥሩ ነው” አለች። ከዚያ “እጃቸውን የታጠቡት የት ሄደ?” አለችኝ።

የምን እጅ አልኳት።

“ሰውዬው እኮ ‘በልቼ ነው የመጣሁት’ ሲሉ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። የማይበላ ሰው ይታጠባል እንዴ? እኔ በሞቴ ያልኩት እኮ ታጥበው ስላየሁ ነው። ባይታጠቡ ኖሮ ቡና ነበር የማቀርበው።”

ደብተሬን ገለጥኩ። ግራ ገጽ፣ 7፡10፣ ከ“በልቼ ነው የመጣሁት” ቀጥሎ፣ “ታጠቡ” ይላል። ጓደኛዬን ማስታጠቢያው ካለበት እንዲያመጣ ላክሁትና ከመጀመሪያው ጀመርን።